ባለ አርባ ፍየሉ

በዳላስና በአካባቢዋ ካለን ሐበሾች መካከል ገንዘቡን ሜዳ ላይ የበተነ ሞኝ ቢፈለግ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ስሜ ይርጉ ይባላል። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ትራፊክ ካልያዘ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ፣ አንዲት የገጠር ካውንቲ ውስጥ ደግሞ አሥር ኤከር መሬት አለኝ። ባለቤቴ ዓለምሸት ይህን ለእንግዳ ስታስረዳ፣ ፍየሎቹ የራሳቸው ቤት እንዳላቸውና ተከራዮቹ እኛ ብቻ እንደሆንን ትናገራለች። እንግዶቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ከገበሬ ዘር አይደለሁም። አባቴ ሻሸመኔ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እጁን ቀለም እንጂ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። እኔም ከፍየል ጋር የነበረኝ ትውውቅ በጥብስ ብቻ ነው። ሎተሪ ደርሶኝ ዳላስ ስገባ ያገኘሁት ሥራ ዌርሃውስ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ካርቶን ስካን አደርጋለሁ፣ ካርቶን እደረድራለሁ፣ የደረደርኩትን ደግሞ ሌላው ሺፍት መጥቶ ያፈርሰዋል። ሱፐርቫይዘሬ ስሜን መጥራት ስላቃተው «ጆርጅ» ይለኛል። ከመልመዴ የተነሣ ሌላ ሰው ጆርጅ ተብሎ ሲጠራም አቤት እላለሁ። በቤተ ክርስቲያን የተሰጠኝ አገልግሎት ደግሞ የፓርኪንግ ነው። እሑድ እሑድ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ መኪና አስተናግዳለሁ። ስብከቱን የምሰማው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚያመልጠው ልክ ነው።

ሰው መቼም በአንድ ነገር መታወቅ ይፈልጋል። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አንዱ ባለ ነዳጅ ማደያ ነው፣ አንዱ ባለ ጭነት ትራክ ነው፣ ሌላው ልጁ ዶክተር ሆናለታለች። እኔ ባለ ሰደርያው ነበርኩ። ታዲያ አንድ የማውቀው ሰው መሬት ርካሽ የሆነበት ካውንቲ እንዳለ፣ ፍየል ካረቡበት ደግሞ የመሬቱ ግብር እንደሚቀንስ ሲነግረኝ ጆሮዬ ቆመ። ፕሌኖ አካባቢ ቤት ልንገዛባት ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረችን። ዓለምሸትን ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ በመጨረሻም ጾም ጸሎት እንያዝበት አልኳት። አብረን ጸለይን። እሷ የጸለየችው ሐሳቤን እንድተወው እንደነበር የሰማሁት መሬቱን ከፈረምኩ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ፍየል ገዛሁ።

ጋጣውን ዩቲዩብ እያየሁ በገዛ እጄ ሠራሁት። ሦስቱ ጎን በእንጨትና በቆርቆሮ የተዘጋ ሲሆን አራተኛው ክፍት ነው። ቪድዮው ላይ ያለው ሰውዬ የብርዱ ንፋስ ከሰሜን ስለሚመጣ ክፍቱ ጎን ወደ ደቡብ እንዲዞር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የእኔ መንገድ ግን የሚያልፈው በሰሜን በኩል ነው። አላፊ አግዳሚው ካላየልኝ ፍየል ማርባቴ ምን ዋጋ አለው ብዬ ክፍቱን ወደ መንገዱ አዞርኩት። በዚያ መንገድ ከፖስታ መኪና በቀር ብዙም የሚያልፍ ሰው እንደሌለ የገባኝ የመጨረሻውን ምስማር ከመታሁ በኋላ ነው።

አርባ የሚለው ቁጥር ከእኔ አፍ በቀጥታ አልወጣም፤ ያን ያህል እንኳ ደፋር አይደለሁም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሙሉጌታ፣ ባለ ትራኩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ስንት ፍየል እንዳለኝ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ልል አፌን ከፈትኩ። ከሙሉጌታ ትራኮች አጠገብ ሳቆማት ቁጥሯ አነሰችብኝና ብዙ ናቸው አልኩ። ሠላሳ ይሆናሉ ወይ አለኝ። ከዚያ ከፍ ይላሉ አልኩት። በሳምንቱ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት የመኪናቸውን መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «ባለ አርባ ፍየሉ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለውኝ አለፉ። ማረም ነበረብኝ። ግን ከኋላቸው መኪና ተሰልፎ ነበር።

የምር ከብት ያለው ሰው ቁጥር አይናገርም። የአክስቴ ባል አርሲ ውስጥ ስንት ከብት እንደነበራቸው እስኪሞቱ ድረስ ያወቀ የለም፤ ሲጠየቁ «እሱ የሰጠን ጥቂት አለች» ይሉና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ። ዓይን ይበላብኛል ብለው ነው። እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይን አይነካኝም ብዬ ነበር። እውነትም አልነካኝም፤ የሌለን ፍየል ምን ብሎ ይበላዋል።

ችግሩ የመጣው ፋሲካ ሲደርስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፍየል ከእኔ ካልገዛን እያሉ ቤተሰባቸውን ጭነው መምጣት ጀመሩ። ምን ላድርግ? በዓሉ ሲቃረብ በአቅራቢያችን ካለው የከብት ጨረታ ፍየል እየገዛሁ አጥሬ ውስጥ አስገባና በገዛሁበት ዋጋ እሸጥላቸዋለሁ። አንዳንዱን ወገን ነው እያልኩ ከገዛሁበትም አሳንሻለሁ። ከራሴ መንጋ ደግሞ በየፋሲካው አንዲት ፍየል ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ፤ የሚወለዱት ግልገሎችም ለዚሁና ለመኖ መግዣ ስለሚሄዱ ቁጥሩ ከአሥራ አንድ ፈቅ አላለም። ስለዚህ ለፋሲካ የመጣ ሰው ሁሉ ግቢዬ በፍየል ሞልቶ አይቷል። በሌላ ጊዜ ድንገት ብቅ የሚል ካለ ደግሞ ሌሎቹ ከኩሬው ማዶ ናቸው እለዋለሁ። መሬቴ ጫፍ ላይ ዙሪያዋን ጭቃ የሆነች ኩሬ አለች። በደህና ጫማ እዚያ ድረስ የሚሄድ ሐበሻ እስካሁን አልተገኘም።

ዓለምሸት ይህን ሁሉ ታያለች። እሷ ቀን ቀን ስትተኛ፣ ከምሽት ጀምሮ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናትና አባት ስታገላብጥ የምታድር ሴት ናት፤ ለቀልድ ጊዜ የላትም። ቤት ውስጥ ስንሆን ግን አንዳንዴ «ባለ አርባው፣ ቆሻሻው ሞልቷል» ትለኛለች። ቆሻሻውን ይዤ ሦስት ፎቅ እወርዳለሁ።

ባለፈው ጥር በረዶው መጣ። ዝናብ ሆኖ ይወርድና የነካውን ሁሉ እንደ መስታወት ያደርገዋል። መንገዱ ተዘጋ። ፍየሎቼ ጋ ልሂድ ብዬ መኪናዬን ባስነሣ ከግቢያችን በር ሳልወጣ ተንሸራትቼ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ተላተምኩ። የገንዳውን ክዳን አጣምሜ ተመለስኩና ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ተተክዬ ዋልኩ። መንገዱ ሲከፈት ጋሽ ነጋሽ ብቻህን አትሄድም ብለው አብረውኝ ወጡ።

ጋሽ ነጋሽ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሰባን አልፈዋል፤ ልጃቸው አምጥታቸው ፕሌኖ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። እንግሊዝኛ እምብዛም አይሆንላቸውም። ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲያዝን ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሐሰት የሚባል ነገር ደግሞ በአጠገባቸው አያልፍም። አንድ ቤት ተጋብዘው ወጡ ጣፈጠዎት ወይ ቢባሉ፣ ጨው በዝቶበታል ብለው ባለቤቲቱን ያስለቀሱ ሰው ናቸው። ሰው ይፈራቸዋል፤ ይወዳቸዋልም።

ስንደርስ ጋጣው ውስጥ ዘጠኙ ሞተው አገኘናቸው። በክፍቱ በኩል የገባው ዝናብና ንፋስ አርሷቸው፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቀው፣ እርጉዞቹ ከነግልገላቸው ደርቀው ነበር። ሁለቱ ብቻ ወጥተው ከሣር ክምሩ ጀርባ ተሸሽገው ተርፈዋል። እዚህ ላይ መቀለድ አይሆንልኝም። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ጋጣውን ወደ ሰሜን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ነጋሽ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰው እንደሞተበት ሰው አጽናኑኝ። ከዚያ የሞቱትን አንድ በአንድ ቆጠሩና ሌሎቹ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ አፌ አላረፈም፤ ከኩሬው ማዶ ናቸው አልኩ። ሄደን እንያቸው ሲሉ፣ ስልክ ደውዬ ደህና መሆናቸውን አረጋግጫለሁ አልኳቸው። እሳቸውም በዚያ ብርድ እጃቸውን ወደ ኩሬው ዘርግተው ለቀሩት ሠላሳ አንድ ፍየሎች ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ከበረዶ እንዲጠበቁ፣ እንዲበዙ፣ ምድርን እንዲሞሉ ለመኑ። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ አሜን እል ነበር።

ማታ ዓለምሸት ሥራ ከመግባቷ በፊት ቁርጡን ነገረችኝ። «ሶ፣ ከእንግዲህ ከሴቪንጋችን አንድ ዶላር ወደዚያ መሬት አይሄድም» አለች። «ፍየሎቹን የምትተካበት ሌላ ገንዘብ ካገኘህ ኦኬ። ካላገኘህ ፋሲካ ሲያልፍ መሬቱን እንሸጠዋለን።»

እውነቷን ነው። መሬቱን ማጣት ግን ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ለጉራ የገዛሁት መሬት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ቅዳሜ ጠዋት የፍየሎቹን ገንዳ አጥቤ ንጹሕ ውሃ ስሞላላቸው፣ ዙሪያዬን ከበው ኪሴን ሲያሸቱኝ፣ በዚያች ሰዓት ጆርጅ አይደለሁም። ፍየሎቹን እወዳቸው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አርባ ናቸው ከማለት ይልቅ እወዳቸዋለሁ ማለት ነበር የሚያሳፍረኝ።

መላውን ያገኘችው ልጃችን ሄቨን ናት። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። «ዳዲ፣ መንግሥት ለፋርመር ፔይ ያደርጋል፣ ማለቴ፣ በዌዘር ፍየሉ ከሞተ» አለችኝ። «አንተ ሪል ፋርመር ነህ፣ አይደል?» መጨረሻ ላይ የጨመረችው ጥያቄ ትንሽ ወጋኝ።

የካውንቲው ግብርና ቢሮ ከመኖ መሸጫው አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። ገበሬ ልምሰል ብዬ ትልቅ የካውቦይ ባርኔጣ አድርጌ ሄድኩ። ተራ የሚጠብቁት የምር ገበሬዎች ሁሉም ያደረጉት ያረጀ ኬፕ ኮፍያ ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ እዚያም አልረጋ ስላለኝ ወለሉ ላይ አደረግሁት። ስጠራ ረግጬው ተነሣሁ።

ያስተናገደችኝ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ለእኔ ዓይነቱ የተፈጠረ ይመስላል። በአየር ጠባይ ለሞተ እንስሳ መንግሥት ከዋጋው አብዛኛውን እንደሚከፍል ነገረችኝ። ነገር ግን በየትኛውም መንጋ ውስጥ በዓመት በበሽታም ሆነ በእርጅና የሚሞት ስለማይጠፋ፣ እሱ ከነበረኝ ጠቅላላ ቁጥር ላይ ተሰልቶ ይቀነሳል። ስለዚህ ከበረዶው በፊት ስንት እንደነበሩኝ ማወቅ አለባቸው። የተረፉትንም መጥተው ሊያዩ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ የቤተሰብ አባል ያልሆነ፣ የሞቱትን በዓይኑ ያየ ምስክር ይዘህ ና አለችኝ።

እየነዳሁ ስመለስ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። አርባ ነበሩ ካልኩ ከሞቱት ብዙዎቹ እንደ ተለመደው ዓመታዊ ሞት ተቆጥረው ይቀነሱብኛል፤ እስቲ የተረፉትን ሠላሳ አንድ አሳየን ቢሉኝ ደግሞ የማሳየው ኩሬ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ መዋሸት ያስፈራኛል። እንዲያውም ትክክለኛውን ቁጥር እስከዚያ ቀን የነገርኩት ለግብር ቢሮው ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ ማለት ግድ ነው። ታዲያ ምስክሬ ማን ይሆናል? የመሬቴ ጎረቤት የሆኑት አሜሪካዊ አዛውንት በበረዶው ሰሞን ሆስፒታል ነበሩ። ዓለምሸት ሚስቴ ናት። የሞቱትን በዓይናቸው ያዩት፣ ቆጥረውም ያረጋገጡት ጋሽ ነጋሽ ብቻ ናቸው። አርባ መሆናቸውን በሙሉ ልብ የሚያምኑትም እሳቸው ናቸው።

ስጠይቃቸው ወዲያው እሺ አሉ። በቀጠሮው ቀን ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ፒካፔ ውስጥ ገቡ፤ ምስክርነት ሲባል መሐላ ይኖራል ብለው ነው። መንገዱን ሙሉ እውነቱን ልነግራቸው ወሰንኩ፤ ውሳኔዬን ወደሚቀጥለው የመንገድ መውጫ አዛወርኩ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ለመናገር ደጋግሜ ጉሮሮዬን ስጠርግ ጉንፋን የያዘኝ መስሏቸው ከረሜላ ሰጡኝ። ከረሜላውን እየመጠጥኩ ቢሮው በር ላይ ደረስን።

ሴትየዋ በአክብሮት ተቀበለቻቸው። በስልክ አስተርጓሚ ማግኘት እንችላለን ብላም ጠየቀችኝ። አያስፈልግም፣ እኔ አስተረጉማለሁ አልኩ። ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ አንገቴ ላይ ያጠለቅሁት ገመድ ይህ ነው። ከልቤ ያሰብኩት ደግሞ ቀላል ነበር። እሳቸው በአማርኛ አርባ ይላሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ አሥራ አንድ እላለሁ፣ መንግሥት እውነቱን ያገኛል፣ እኔም ስሜን ይዤ እመለሳለሁ። በትርጉም ዋሽቶ እውነት የሚናገር ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስንት ሞተው እንዳዩ ጠየቀቻቸው፤ ተረጎምኩ። ዘጠኝ አሉ፤ ተረጎምኩ። እስከዚህ ድረስ የተባበሩት መንግሥታት አስተርጓሚ ብሆን አላሳፍርም ነበር። ከዚያ ከበረዶው በፊት ጠቅላላ ስንት እንደነበሩ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች።

«አርባ» አሉ ጋሽ ነጋሽ ቀና ብለው። «ከአርባም ሳይበልጡ አይቀሩ። ለፋሲካ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ኢለቨን» አልኳት።

ጋሽ ነጋሽ ብዙ እንግሊዝኛ አያውቁም ብያለሁ። የልጅ ልጃቸውን ግን በእንግሊዝኛ ቁጥር ሲያስቆጥሩ ነው የሚውሉት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይርጉ፣ ምን አልካት?»

ሴትየዋ ችግር አለ ወይ ብላ እኔንም እሳቸውንም አየች። ስተረጉም ተሳስቻለሁ ብል፣ ቃሉን አሻሽዬ አርባ ብል፣ ጋሽ ነጋሽ ፊት እከብራለሁ፤ ፍየሎቹም መሬቱም ይሄዳሉ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም፤ መጽሐፍ ቅዱሱን እያየሁ ተናገርኩ።

«ጋሽ ነጋሽ፣ አሥራ አንድ ነበሩ።»

«አርባውስ?»

«አርባ ሆነው አያውቁም። ለፋሲካ ያዩዋቸው ከጨረታ የገዛኋቸው ናቸው።»

«ከኩሬው ማዶ ያሉትስ?»

«ከኩሬው ማዶ የሰው መሬት ነው» አልኳቸው።

የጸለዩላቸው ሠላሳ አንድ ፍየሎች ትዝ ብለዋቸው እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይሄዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እኔን እንደ አስተርጓሚ ከሥራዬ አሰናብተው፣ ራሳቸው ባላቸው እንግሊዝኛ ለሴትየዋ ተናገሩ። ያየሁት ዘጠኝ የሞተ ነው፤ አሥራ አንድ ያለው እሱ ነው፤ አሥራ አንድ አላየሁም፤ በዘጠኙ እፈርማለሁ አሏት። ሴትየዋ ፈገግ አለች። ዘጠኙ ይበቃል፣ ጠቅላላውን ከግብር ቢሮው መዝገብ አገኘዋለሁ አለች። እሳቸው ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። ክፍያው ጥቂት ሳምንት እንደሚወስድ፣ መጽደቁ ግን እንዳያሳስበኝ ነገረችኝ።

ስንመለስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን እያዩ ተጓዙ። ሬዲዮ መክፈትም ፈራሁ። በመንገዳችን ያለው የሐይቅ ድልድይ ላይ ስንደርስ ነው የተናገሩት።

«ከጥቂት ዓመት በፊት ስምህ ለሽማግሌነት ቀርቦ ነበር። ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እኔ በስብሰባ ቀን ውጭ መኪና ሳቆም ነው የምውለው።

«ሰው መርጦህ ነበር። የተቃወምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አርባ ፍየል ያለው ሰው ለፋሲካ አንዲት ፍየል ለእግዚአብሔር ቤት አምጥቶ፣ ደስ ብሎት ሲሄድ አያለሁ። ይህ ሰው እጁ አይፈታም፣ ስስት አለበት ብዬ ተናገርኩ። ጉባኤውም ልክ ነው አለ። ለካ ከአሥራ አንድ ነበር የምትሰጠው። ይቅር በለኝ።»

መሪውን ይዤ የት ልግባ? ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ። ስንቱን ዓመት አርባ ፍየል ያለው ሰው እያሉ ሲጠሩኝ እያከበሩኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ መኪና ሳስተናግድ ኖሬአለሁ። እነሱ ደግሞ ይህ ሁሉ ፍየል እያለው አንድ ብቻ ይዞ የሚመጣ ስስታም እያሉ በአጠገቤ ያልፉ ነበር። ከሰደርያው ሊያወጣኝ የነበረውን ነገር የከለከለኝ ሙሉጌታ አይደለም፣ ድህነትም አይደለም፤ የሌሉት ሃያ ዘጠኝ ፍየሎቼ ናቸው። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፣ መንገዱም ብዥ አለብኝ።

ጋሽ ነጋሽ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«በዚያ ስብሰባ አንድ ሰው ብቻ ተናግሮልሃል» አሉ። «ዓለምሸት ከኋላ ተነሥታ፣ ይርጉ ስስታም አይደለም አለች። በምን እንመንሽ አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ፣ እኔ አውቃለሁ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ነውና ታዳላለታለች ብዬ አለፍኩት።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም። አሥራ አንድ ናቸው ብላ አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኔ የምመረጥበት ቀን ነበር፤ እኔ የምዋረድበትም ቀን ነበር። የቱን እንደምመርጥ ሳትጠይቀኝ ታውቅ ነበር። ሰው ሁሉ የስስታም ሚስት ናት ብሎ እያያት፣ ውሸቴን ታቅፋልኝ ተቀመጠች። ቤት መጥታም ያለችኝ ነገር የለም። ያን ምሽት ምናልባት ቆሻሻው ሞልቷል ብላኝ ይሆናል።

ጋሽ ነጋሽን ፕሌኖ አድርሼ ቤት ስገባ ዓለምሸት የሥራ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ተፈርሞ ማለቁን፣ መሬቱ እንደማይሸጥ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስብሰባው ላይ ስለሆነው ሰማሁ ልላት አስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስንት ነበሩ አልካቸው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አሥራ አንድ።»

«ጋሽ ነጋሽ እየሰሙ?»

«እየሰሙ።»

የጫማዋን ክር ለቀቀችው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከረጅም ሺፍት እንደተመለሰች ሁሉ፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንግዲህ እኔም ዐረፍኩ» አለች።